ምግብ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፦ ስለ አረጋውያን ሕሙማን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች
ለመንግሥትና ለግል ሆስፒታሎች ሥራ አስኪያጆችና ሜዲካል ዳይሬክተሮች

ጉዳዩ፦ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች የምግብ እጥረት ልየታና ሕክምና እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

አንድ አዛውንት በሳንባ ምች ሆስፒታል ሲተኙ አንቲባዮቲኩ በሚሊግራም ይታዘዛል፣ በሰዓቱ ይሰጣል፣ የሰጠው ነርስ ይፈርማል። ምግቡን በተመለከተ ግን ካርዱ ላይ የሚገኘው ቢበዛ «መብላት ይችላሉ» የሚል ቃል ነው። ምን ያህል በሉ? ትሪው ሲመለስ ምን ቀረበት? ማን አጎረሳቸው? ይህን የሚጠይቅ ሰው በሥራ ክፍፍሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፦ ዕድሜው 60 የሞላ ማንኛውም ሰው አልጋ በያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመዘን፣ ልየታ ይደረግለት። እጥረት ወይም ስጋት ከተገኘበት ምግቡ እንደ መድኃኒቱ በመጠንና በሰዓት ይታዘዝ፣ የተበላው ይመዝገብ፣ በራውንድም (ሐኪሞች ሕሙማንን በሚጎበኙበት ዙር) ይጠየቅ።

አገራችን በሥነ ምግብ ሥራ ጀማሪ አይደለችም። የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2015 የተገባው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቆም ነው፤ የምግብና ሥነ ምግብ ፖሊሲው ደግሞ በ2018 ጸድቋል። የክንድ ዙሪያ መለካት፣ በፓኬት የሚሰጥ የሕክምና ምግብ፣ በየሳምንቱ መመዘን በየጤና ጣቢያው የታወቁ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን መዋቅሩ የታሰበው ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ነው። ከእነሱ ድርሻ ይቀነስ የሚል ሐሳብ የለንም። ሠራተኛው አለ፣ ሜትሩ አለ፣ ልምዱም አለ፤ የጎደለው አረጋዊውን የሚያስገባ መመሪያ ነው።

ማስረጃው ከሌላ አገር ቢመጣም ግልጽ ነው። በስዊዘርላንድ 8 ሆስፒታሎች በውስጥ ደዌ ክፍል የተኙና የምግብ እጥረት ስጋት ያለባቸው ከ2,000 በላይ ሕሙማን በሁለት ቡድን ተከፍለው ተጠንተዋል። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። አንደኛው ቡድን እንደ ወትሮው የሆስፒታሉን ምግብ ተመገበ። ለሁለተኛው የምግብ ባለሙያ የእያንዳንዱን ሰው የካሎሪና የፕሮቲን ግብ አሰልቶ፣ ግቡ እንዲደርስ ተከታተለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም በ30 ቀን ውስጥ ከባድ ችግር የደረሰባቸው ከመጀመሪያው ቡድን 27 በመቶ፣ ከሁለተኛው 23 በመቶ ነበሩ። የሞቱት ደግሞ 10 በመቶና 7 በመቶ። ከ100 ሕሙማን የ3 ሰው ልዩነት ያመጣው አዲስ መድኃኒት ወይም ውድ ማሽን ሳይሆን ተሰልቶ የተሰጠ ምግብ ነው። በ2007 በአሜሪካ የታተመ ትንሽ ጥናት ላይ ደግሞ ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ሲቆዩ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጡንቻ አጥተዋል። እነዚያ በደንብ ይበሉ ነበር፣ አልታመሙም። ትኩሳት ላይ ያለና ትሪውን ሳይነካ የሚመልስ ሰው ምን ያህል እንደሚያጣ መገመት አያዳግትም።

ይህ ሁሉ እያለ እጥረቱ ለምን አይታይም? አንደኛው ምክንያት «እርጅና ነው» የሚለው አባባል ነው፤ ሐኪሙም ቤተሰቡም ይሉታል። ዕድሜ የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ፣ ቶሎ እንደሚያጠግብ፣ ጣዕምና ሽታን እንደሚያደበዝዝ እውነት ነው፤ በ3 ወር 5 ኪሎ መቀነስ ግን ምክንያቱ የሚፈለግለት ምልክት ነው፦ ቲቢ፣ ካንሰር፣ የስኳር በሽታ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የጥርስ ማለቅ፣ የመዋጥ ችግር፣ አንዳንዴም የምንሰጠው መድኃኒት ራሱ። ሁለተኛው ሚዛኑ የሚያታልልበት ሁኔታ ነው። ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ውኃ ስለሚቋጥር፣ ጡንቻው እየሟሸሸ ክብደቱ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ክብደት ሲጻፍ «እብጠት አለ» ወይም «የለም» የሚል ቃል አብሮት ካልተጻፈ ቁጥሩ ብዙ አይነግረንም። ሦስተኛው ቁመት ነው። ጀርባቸው የጎበጠ እናት 45 ኪሎ ሆነው ቆመው ሲለኩ 145 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ የሰውነት ክብደት መጠናቸው (ኪሎው በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) 21.4 ይወጣል። የጉልበታቸው ቁመት 46 ሴንቲ ሜትር፣ ዕድሜያቸው 70 ከሆነ ግን ስሌቱ 152 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል፤ መጠኑም ወደ 19.5 ይወርዳል። ስሌቱ ለሴት 84.88 ሲቀነስ ዕድሜ በ0.24 ተባዝቶ፣ ሲደመር የጉልበት ቁመት በ1.83 ተባዝቶ ነው። ለወንድ ደግሞ 64.19 ሲቀነስ ዕድሜ በ0.04 ተባዝቶ፣ ሲደመር የጉልበት ቁመት በ2.02 ተባዝቶ። የጉልበት ቁመት የሚለካው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በ90 ዲግሪ ታጥፈው፣ ከተረከዝ ሥር እስከ ጭን የላይኛው ገጽ ድረስ ከጉልበት ሎሚ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው።

አልቡሚንን በተመለከተ አንድ ልማድ ቢቀር እንወዳለን። «አልቡሚኑ 2.4 ነው፣ ስለዚህ ምግብ አንሶታል» የሚል ማስታወሻ ካርድ ላይ ይገኛል። አልቡሚን በኢንፌክሽንና በቁስለት ጊዜ የሚወርድ ፕሮቲን ነው፤ የበሽታውን ክብደት እንጂ የምግቡን ሁኔታ አይናገርም። በርሃብ ብቻ የከሳ ሰው ለረጅም ጊዜ ደህና አልቡሚን ሊኖረው ይችላል። ለምርመራው የሚወጣው ገንዘብ ሚዛን ቢገዛበት ይሻላል።

ለልየታው የምንመርጠው ለአረጋውያን የተሠራውንና «ኤም ኤን ኤ» የሚባለውን መጠይቅ አጭር ቅጽ ነው። ስድስት ጥያቄ፣ 14 ነጥብ፣ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ሥራ። ባለፉት 3 ወራት የምግብ መቀነስ እስከ 2 ነጥብ፣ የክብደት መቀነስ እስከ 3፣ እንቅስቃሴ እስከ 2፣ ድንገተኛ ሕመም ወይም ጭንቀት 0 ወይም 2፣ የመርሳት ወይም የድባቴ ችግር እስከ 2፣ የሰውነት ክብደት መጠን እስከ 3። ከ12 እስከ 14 ደህና፣ ከ8 እስከ 11 ስጋት ያለበት፣ 7 እና ከዚያ በታች እጥረት ያለበት ይባላል። ክብደትና ቁመት መለካት ካልተቻለ በመጨረሻው ጥያቄ ፋንታ የባት ዙሪያ ይለካል፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች 0፣ 31 ወይም ከዚያ በላይ 3።

መጠይቁ በእኛ ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ውስጥ ሲገባ ሁለት ነገር ይደርስበታል፤ ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ታሞ የተኛ ሰው ሁሉ በድንገተኛ ሕመም ጥያቄ 0 ያገኛል። ከዚህም ሌላ አብዛኛው አረጋዊ የቀድሞ ክብደቱን ስለማያውቅ «አላውቅም» ብሎ ከ3 ነጥብ 1 ብቻ ይይዛል። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ጣሪያውን ከ14 ወደ 10 ያወርዱታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው «ስጋት ያለበት» ይሆንና ነርሷ ቅጹን መሙላት ይሰለቻታል። መፍትሔው ጥያቄውን በሚያውቁት ነገር መጠየቅ ነው፦ «እማማ፣ መቀነትዎ ከበፊቱ ይዞራል? ቀለበትዎ ይወልቃል? ቀሚስዎ ሰፍቶዎታል?» «አባባ፣ ቀበቶዎን ስንት ቀዳዳ አጠበቁ?» ሰው ሠራሽ ጥርስ መላላቱም ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ ውጤቱን ለማስቀደሚያ እንጠቀምበት፤ 7 እና ከዚያ በታች ያገኘ በዚያው ቀን በምግብ ባለሙያ ይታይ፣ ከ8 እስከ 11 ያገኘ የበለጸገ (ካሎሪና ፕሮቲን የተጨመረበት) ምግብና ሳምንታዊ ሚዛን ይታዘዝለት።

የባት ልኬት ቀላል ይመስላል ግን ይበላሻል። ሰውየው ተቀምጦ ጉልበቱ በ90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ሜትሩ ሥጋውን ሳይጫን፣ ከፍና ዝቅ እያሉ ሰፊው ቦታ ተፈልጎ ይለካል። በስትሮክ የሰነፈ እግር አይለካም። ያበጠ እግርም አይለካም፤ ሁለቱም ካበጡ 31 አልፎ ቢገኝ አይታመንም።

አሁን ወደ ምግቡ። ካሎሪ ስንል ኪሎ ካሎሪ ማለታችን ነው። የአውሮፓ የክሊኒካል ኒውትሪሽን (የሕሙማን አመጋገብ) ማኅበር ለአረጋውያን ያወጣው መመሪያ በቀን በኪሎ ክብደት 30 ካሎሪና ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን ይላል፤ ሲታመሙ ፕሮቲኑ ወደ 1.2 እና 1.5 ግራም ከፍ እንዲል ይመከራል። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ አዛውንት 1,500 ካሎሪና ከ60 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው።

ከዚህ ጋር በየዋርዱ የሚታየውን እናስተያይ። አስታማሚ በፔርሙስ የሚያመጣው ቀጭን አጥሚት ብዙ ጊዜ በ1 ሊትር ውኃ 50 ግራም ያህል ዱቄትና ሁለት ሾርባ ማንኪያ ስኳር የገባበት ነው። ዱቄቱ 175፣ ስኳሩ 100 ካሎሪ ገደማ፤ በድምሩ 275። ሰውየው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ቢጠጡ እንኳ 400 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ፕሮቲኑ ከ8 ግራም አይበልጥም። ሆድ ይሞላል፣ ቤተሰብ «ዛሬስ ጠጥተዋል» ብሎ ይደሰታል፣ ሰውነት ግን ከራሱ ጡንቻ መብላቱን ይቀጥላል። የሥጋ መረቅም እንዲሁ ነው። ኃይል ይሰጣል ተብሎ ይመጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ድስቱ ውስጥ ከቀረው ሥጋ ጋር ቀርቷል። ሥጋው ተፈጭቶ መረቁ ውስጥ ይግባ።

ከሁሉ የከፋው ግን «ግሉኮስ ተሰቅሎላቸዋል» የሚለው እምነት ነው። 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ኃይል 170 ካሎሪ ያህል ነው፤ ከአንድ ዳቦ ብዙም አይበልጥም፣ ፕሮቲን የሚባል የለውም። ለቤተሰብ ይህን በግልጽ መንገር የሐኪሙ ሥራ ነው።

የአውሮፓው መመሪያ ተጨማሪ የሚጠጣ ምግብ ሲታዘዝ በቀን ቢያንስ 400 ካሎሪና 30 ግራም ፕሮቲን እንዲይዝ፣ ቢያንስ ለአንድ ወርም እንዲቀጥል ይላል። በፋብሪካ የታሸገው ለአብዛኛው ቤተሰብ አቅም የማይቀመስ ነው። ከሆስፒታል ማዕድ ቤት ግን ሊወጣ ይችላል። ለአንድ ብርጭቆ የሚሆነውን እንጻፍ፦ 25 ግራም የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት (ሦስት ልሙጥ ሾርባ ማንኪያ) በ100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ 200 ሚሊ ሊትር ወተት ተጨምሮ እየተማሰለ ይፈላል፤ ሲወርድ 15 ግራም የዱቄት ወተት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። ወደ 415 ካሎሪና 13 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ጠዋት 4 ሰዓት አንድ፣ ማታ 3 ሰዓት ከመኝታ በፊት አንድ፣ በቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላል ሲጨመር ፕሮቲኑ 32 ግራም ይደርሳል። ሰዓቱ በዋና ምግቦች መካከል የሆነው በምክንያት ነው፤ ከምሳ ጋር ከቀረበ ምሳውን ይተካል እንጂ አይጨመርበትም። እራት 11 ሰዓት ላይ ተሰጥቶ ቁርስ ጠዋት 2 ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አረጋዊው 15 ሰዓት ባዶ ሆድ ይቆያል፤ የማታው ብርጭቆ ይህን ክፍተት ይሰብራል። ወተት ሆድ የሚነፋው ሰው ካለ በእርጎ ይለወጥለት።

ለጾም የሚሆነው የሚከተለው ነው፦ 25 ግራም የገብስ ዱቄት፣ 20 ግራም ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ (30 ግራም) የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ። 400 ካሎሪና 17 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ሁለት ብርጭቆ 34 ግራም። አኩሪ አተሩ በደንብ ተቆልቶ በኋላም መፍላት አለበት፤ ጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለው፣ ሆድም ይነፋል።

ወፈረና አልጠጣ ካለ ውኃ አይጨመርበት፤ ያኔ ተመልሶ ቀጭን አጥሚት ይሆናል። ብቅል አለን። አጥሚቱ ከእሳት ወርዶ ጥቂት ሲበርድ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ገብቶ ይማሰልና 10 ደቂቃ ይቆያል። በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ስለሚቆራርጠው ካሎሪው ሳይቀንስ ይቀጥናል። እየፈላ ከገባ ኢንዛይሙ ይሞትና ምንም ለውጥ አይታይም፤ ብዙዎች «ሞክረን አልሠራም» የሚሉት በዚህ ነው። ከቀጠነ በኋላ እንደገና አንድ ጊዜ ይፍላ፣ ብቅሉ ጥሬ ስለሆነ ጀርም ሊኖረው ይችላልና።

ለሕፃናት በፓኬት የሚሰጠው ከለውዝ የተሠራ የሕክምና ምግብ ለአረጋውያን ለምን አይሰጥም የሚል ጥያቄ ይነሳል። 92 ግራሙ ፓኬት 500 ካሎሪ የያዘ ጥሩ ምግብ ነው። ጥርስ ለሌለውና አፉ ለደረቀ ሰው ግን ላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ ጣፋጭነቱም ቶሎ ያሰለቻል፤ በዚያ ላይ የሕፃናቱ ክምችት ነው። ፋፋን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሕፃናት ያዘጋጀች አገር ለአረጋዊ የሚሆን፣ በዱቄት የሚሸጥ፣ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ ምግብ በአገር ውስጥ ማምረት አያቅታትም።

ይሁንና ምግብ መጠን ካለፈ እንደ መድኃኒት ይገድላል። ለብዙ ቀናት ምንም ያልቀመሰ ወይም እጅግ የከሳ ሰው በአንድ ጊዜ በብዙ ካሎሪ ሲመገብ ኢንሱሊን ይነሳና ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ከደም ወደ ሴል ይሸሻሉ፤ ቫይታሚን ቢ 1 ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መቃዠት፣ የልብ ምት መዛባት ይመጣል። ቤተሰብ «እየበሉ ሞቱ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ከ10 ቀን በላይ ምንም ያልበላ ወይም ጥቂት ብቻ የቀመሰ፣ የሰውነት ክብደት መጠኑ ከ16 በታች የሆነ፣ ወይም ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣ ሰው ከፍተኛ ስጋት አለበት። ለእሱ በቀን በኪሎ 10 ካሎሪ ተጀምሮ ከ4 እስከ 7 ቀን ቀስ እያለ ይጨመራል። 40 ኪሎ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን 400 ካሎሪ ብቻ ነው። የሰውነት ክብደት መጠኑ ከ14 በታች ከሆነ ወይም ከ15 ቀን በላይ ካልበላ በኪሎ 5 ካሎሪ ተጀምሮ የልብ ምቱ ይጠበቃል። ከምግቡም ከግሉኮሱም በፊት ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጣል፤ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ለ10 ቀን። ፎስፌትና ማግኒዥየም መለካት በማይቻልበት ሆስፒታል ይህ አካሄድ ይበልጥ ይጠበቅ፣ ፖታሲየም በየቀኑ ይታይ፣ ትንፋሽና እብጠት በየፈረቃው ይመዝገብ። ለውስጥ ደዌ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ ለሚማሩ ሐኪሞች) ይህ ርዕስ በሥራ ላይ ሥልጠና ቢሰጥ መጀመሪያ የሚድኑት በረሃብ ደክመው የሚመጡት አረጋውያን ናቸው።

ስለ መዋጥም አንድ ነገር እንበል። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ ሳይፈተሽ ምግብ መስጠት ሳንባን ይበክላል። ሕመምተኛው ንቁ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ውኃ በሻይ ማንኪያ ሦስት ጊዜ፣ ካላሳለው 50 ሚሊ ሊትር ከብርጭቆ። ሳል፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ውኃ ያዘለ የሚመስል ድምፅ ከታየ ይቆማል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለተኛ ሰው የሚሰጥ ትልቅ ጉርሻ ግን አደጋ ነው። አስታማሚዎች በትንሽ ማንኪያ፣ ቀዳሚው መዋጡን አይተው፣ ከበሉ በኋላም ለ30 ደቂቃ ሳያስተኙ እንዲመግቡ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። በአፍ መብላት ከ3 ቀን በላይ የማይቻል ከመሰለ ወይም ከሳምንት በላይ ከሚያስፈልገው ግማሹን ካልበላ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ ይታሰብ። አልጋው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይነሳ፣ ከያንዳንዱ ምግብ በፊትና በኋላ በ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ቱቦው ይታጠብ። ቱቦ የሚደፈነው በጓጎለ አጥሚትና በደንብ ባልተፈጨ ክኒን ነው፤ በወንፊት ማጥለልና ብቅሉ እዚህም ይጠቅማሉ። የመርሳት በሽታቸው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ለደረሰ አረጋውያን ግን ቱቦ ዕድሜ አያረዝምም፤ በእጅ በትዕግሥት መመገብ ይሻላቸዋል።

ከቀዶ ጥገና በፊት ያለው መራብ ደግሞ ያለ ወጪ የሚስተካከል ነገር ነው። ዳሌያቸው የተሰበረ እናት «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አይቅመሱ» ይባላሉ፤ ተራቸው ሳይደርስ ይመሻል፤ በማግስቱም ያው። ሦስት ጊዜ ከተራዘመባቸው ለሦስት ቀን በእራት ብቻ ቆይተዋል ማለት ነው። የሰመመን ሕክምና መመሪያዎች የሚሉት ለቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ለውኃና ወተት ለሌለው ሻይ 2 ሰዓት ነው፤ ጨጓራው ምግብን ቶሎ የማያሳልፍ ሰው ብቻ ለየት ይላል። ከቀኑ 8 ሰዓት የሚገቡ ሕመምተኛ ጠዋት 2 ሰዓት ሻይና ዳቦ፣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ደግሞ ስኳር ያለው ሻይ ሊወስዱ ይችላሉ። ተራው ሲሰረዝ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወደ ዋርድ አንድ ስልክ ይደወል፣ ምግቡም ወዲያው ይቅረብ። ይህን የሚያደርገው ሰው በስም ይመደብ፤ ካልተመደበ አይደወልም።

ስለ ጾም በጥንቃቄ እንናገራለን። ብዙ እናቶችና አባቶች ታመውም ወተትና እንቁላል አይነኩም፣ እስከ 9 ሰዓትም ይቆያሉ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታላላለች፤ በእስልምናም ሕመምተኛ መጾም አይገደድም። ነገር ግን ይህን ቃል ከወጣት ሐኪም አፍ ሲሰሙት ብዙም አይቀበሉትም፣ ለነፍሳቸው የሚፈሩት ነገር ነውና። የንስሐ አባታቸውን ወይም ኢማሙን በስልክ ማገናኘት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ፈቃደኛ ካልሆኑም አይገፉ፤ ከላይ ያለው የጾም አጥሚት፣ ምስርና ሽሮ ዘይት በዛ ተደርጎበት አሉ፤ የሰዓቱ ጉዳይ ብቻ ይለመኑ።

«ጨው አይንኩ፣ እንጀራ ይቀንሱ፣ ቅባት ይተዉ፣ ጣፋጭ ክልክል ነው» የሚሉ ትእዛዞች በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የሚቀረው ምግብ የለም። ለከሳ አረጋዊ እነዚህ ክልከላዎች መላላት አለባቸው፤ ስኳሩ በመድኃኒት ይስተካከል። ሜትፎርሚን፣ ዲጎክሲን፣ ሜትሮኒዳዞል የምግብ ፍላጎትን ወይም ጣዕምን ስለሚያበላሹ የምግብ ቅጹ ሲሞላ የመድኃኒት ዝርዝሩም አብሮ ይታይ።

ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ በየዋርዱ የሚሠራና በየጊዜው የሚፈተሽ ሚዛን፣ መቆም ለማይችሉ የወንበር ሚዛን ቢያንስ አንድ ለሆስፒታሉ፣ የማይለጠጥ ሜትር፣ የታተመ ቅጽ። ትሪ ሲነሳ የምግብ አስተናጋጁ ሙሉ፣ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ምንም ከሚሉት በአንዱ ላይ ምልክት ያድርግ። ለሦስት ቀን ግማሽና ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሙ ይጠራ። በምግብ ሰዓት ራውንድ፣ ጽዳትና ደም መቅዳት ይቁም፤ አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ደግሞ ማን እንደሚመግበው በፈረቃው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ከገጠር ብቻቸውን የመጡት ሳህኑ አጠገባቸው ተቀምጦ እንደቀዘቀዘ የሚነሳው መብላት ስላልፈለጉ አይደለም፤ እጃቸው አይደርስም። ሲወጡም የመውጫ ወረቀቱ ላይ ክብደታቸው፣ የታዘዘው ምግብ መጠንና በ2 እና በ4 ሳምንት የሚመዘኑበት ቀን ሰፍሮ ለቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይድረስ።

በመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። በአረጋውያን ላይ በየከተማው የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ለክተው ስንት በመቶ እጥረት እንዳለ የሚናገሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥናት መደጋገሙ ይብቃ እንላለን። የባት 31 ሴንቲ ሜትር መለያ የመጣው ከውጭ አገር አረጋውያን፣ የጉልበት ቁመት ስሌቱ ከአሜሪካውያን ነው፤ በኢትዮጵያውያን ላይ ከሞትና ከአቅም ማጣት ጋር ተነጻጽረው ይፈተሹ። የበለጸገው አጥሚት ከተለመደው ምግብ ጋር ይወዳደር። እጥረት እንዳለበት የታወቀን ሰው ያለ ሕክምና መተው ስለማይገባ ዋርዶች ተራ በተራ የሚጀምሩበት አሠራር ይመረጥ፤ ገና ያልጀመረው ለጀመረው ማነጻጸሪያ ይሆናል። የሚለካው የ30 እና የ90 ቀን ሞት፣ ወደ ሆስፒታል መመለስ፣ የእጅ መጨበጥ ኃይልና እብጠት ተለይቶ የተመዘገበ ክብደት ይሁን፤ የወጣው ገንዘብም አብሮ ይሰላ፣ ሚኒስቴሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ሚኒስቴሩ በጥቂት ሪፈራል ሆስፒታሎች የስድስት ወር ሙከራ እንዲፈቅድ፣ የአረጋውያን ምዕራፍም በክሊኒካል ኒውትሪሽን መመሪያዎች ውስጥ እንዲካተት እንጠይቃለን። ቅጹን፣ የማዕድ ቤቱን መጠን ዝርዝርና የሥልጠናውን ጽሑፍ በነፃ ለማዘጋጀት ዝግጁ ነን፤ መልሳችሁንም በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሆስፒታል ሥነ ምግብና በአረጋውያን ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች